የዛፍ ምልክቱን ለማተም ፈቃድ አለህ ወይ ተባልኩ፣ አዳማ ያላችሁ ማተሚያ ቤቶች እስቲ ኑ

ኦፍሴት_አዳማ · ማክሰኞ ማታ 2:20

ሰላም ለዚ ቤት። ጽሑፉ ትንሽ ይረዝማል ታገሱኝ። አዳማ ፖስታ ቤት ሰፈር አነስ ያለች ማተሚያ ቤት አለችኝ፣ አንድ ያረጀች ጂቲኦ የኦፍሴት ማተሚያ ማሽን፣ አንድ መቁረጫ፣ አንድ ዲጂታል፣ ከኔ ጋር 7 ሰው ነን። እንደምታውቁት አዳማ የስብሰባ ከተማ ናት፣ ሆቴሉ ሁሉ ወርክሾፕ ነው፣ ወርክሾፕ ካለ ደግሞ ፎልደር አለ ማስታወሻ ደብተር አለ ባጅ አለ፣ የኛም እንጀራ እሱ ነው። የሰርግ ካርድ ጥርና ሚያዝያ ላይ ብልጭ ብሎ ይጠፋል፣ ስብሰባ ግን ክረምት ከበጋ አይልም።

ባለፈው ወር አንድ ድርጅት ለ3 ቀን ስብሰባ 600 ፎልደርና 600 ማስታወሻ ደብተር አዘዘን። ስብሰባው ስለ ደን ነው። ትዕዛዙ መጨረሻ ላይ «ወረቀቱ ኤፍኤስሲ ይሁን፣ ምልክቱም ጀርባው ላይ ይታተም» ይላል። ኤፍኤስሲ ማለት ወረቀቱ በአግባቡ ከተያዘ ደን መምጣቱን የሚያስመሰክር የውጭ ድርጅት ነው። ምልክቱን አውቀዋለሁ፣ ያቺ ዛፍና ራይት አንድ ላይ የተሣሉባት፣ የጁስ ፓኮ ላይ የስልክ ካርቶን ላይ የማትጠፋዋ። ዲዛይነራችን በ2 ደቂቃ ከጎግል አውርዳ ከስልክ ቁጥሩ ጎን ለጠፈቻት፣ አረንጓዴ አርጋ፣ እውነት ለመናገር አማረባት። ፕሩፉን (ከመታተሙ በፊት ደንበኛ የሚያየውን ናሙና) ላክን።

ከሰዓት ተደወለ። ሴትየዋ በጣም ትሁት ናት። «ወንድሜ ከምልክቱ ሥር የላይሰንስ ኮዱ የለም እኮ» አለችኝ። የምን ኮድ? ስላት «ሲ ብሎ 6 አሃዝ ያለው»። የንግድ ፈቃዴን ቁጥር የምትጠይቀኝ መስሎኝ ከግድግዳ ላይ ላወርደው ነበር በእናታችሁ። ከዛ ነገሩ ሲገባኝ ወረቀቱን የገዛሁበት ጅምላ መጋዘን ሄድኩ፣ ካርቶኑን ሳይ ምልክቱ ከነኮዱ አለ! ደስ ብሎኝ የካርቶኑን ጎን ፎቶ አንስቼ ላክሁላት። «ካርቶኑ ላይ መኖሩ አንተ እንድታትመው አይፈቅድልህም» አለች። እንዴት ነው ነገሩ? ያው ወረቀት አይደል እንዴ፣ እኔ ጋ ሲደርስ ዘሩ ይቀየራል?

የማተሚያውን ፕሌት ሳናወጣ ስለደወለች ተረፍን እንጂ ከስረን ነበር። ምልክቱን አውጥተን ሠራን፣ ከፈለችም። የሚቀጥለው ሥራ ግን አዲስ አበባ ሄደ፣ እሱ ነው የቆጨኝ። አሁን ጥያቄዬ፣ እንደኔ ያለ ትንሽ ማተሚያ ቤት ይሄን ነገር በሕጋዊ መንገድ ማግኘት ይችላል ወይ? ወይስ የትላልቆቹ ጨዋታ ነው? ደግሞስ ከሱ ሌላ የሚጠይቅ ደንበኛ አለ ወይ፣ ለ2 ደንበኛ ብዬ እዳ ውስጥ ልግባ?

ባጃጅ_ቁጥር_3

ሰው መታወቂያ ለማውጣት ስንት ወር ይመላለሳል አሁን ደግሞ ወረቀትም መታወቂያ አለው በሉኛ ሃሃሃ

ሳጥን_ሰሪ · ማክሰኞ ማታ 3:05

ኦፍሴት አይዞህ፣ ከጎግል ያወረድከው አንተ ብቻ አይደለህም። እኔ ሐዋሳ ነኝ፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2008 ከተመረቀ በኋላ ለጋርመንት ፋብሪካዎች ካርቶንና ታግ የሚያቀርብ ድርጅት ውስጥ ለ4 ዓመት በኮምፕላያንስ (ደንብ መከበሩን በማጣራት) ሠርቻለሁ፣ ይሄ ምልክት ፀጉሬን አሽብቶኛል።

ነገሩን በጾም ላስረዳህ። ሽሮው የጾም ነው። ዘይቱም የጾም ነው። ግን ጭልፋው አሁን ከቅቤው ወጥ ውስጥ የወጣ ከሆነ ያንን ሽሮ ለጿሚ «የጾም ነው» ብለህ ታቀርባለህ? አታቀርብም። ሽሮው መጥፎ ሆኖ ሳይሆን ማንም እርግጠኛ መሆን ስለማይችል ነው። ቼይን ኦፍ ከስተዲ የሚሉት በቃ ይሄ ነው። ከጫካው ጀምሮ እንጨቱን ፈጭቶ ለወረቀት የሚያዘጋጀው ፐልፕ ፋብሪካው፣ ወረቀት ፋብሪካው፣ አስመጪው፣ ጅምላው፣ አታሚው፣ ዕቃውን በስሙ የገዛ ሁሉ «የኔ ጭልፋ ንጹህ ነው» የሚል ሰርተፍኬት ሊኖረው ይገባል፣ አንዱ ጋ ከተበጠሰ ከዛ በኋላ ያለው ሰው ሁሉ ምልክቱን ማተም አይችልም። ታሽጎ ምልክቱ ያለበትን ደስጣ እንዳለ ለተጠቃሚ የሚሸጥ ሱቅ ሰርተፍኬት አይጠየቅም። አንተ ግን ቆርጠህ አትመህ ጠርዘህ ሌላ ዕቃ ነው የምታወጣው፣ ስለዚ ትጠየቃለህ።

ኦዲተር ሲመጣ ምን እንደሚያይ ልንገርህ። መጀመሪያ መጋዘን ይገባል፣ ሰርተፍኬት ያለው ወረቀት ከሌለው ተለይቶ ተቀምጧል ወይ ይላል (እኛ ወለሉን ቢጫ ቀለም ቀብተን ነበር የለየነው)። ከዛ ደረሰኝ ይጠይቃል፣ ከአቅራቢህ የመጣው ኢንቮይስ ላይ የአቅራቢው የሰርተፍኬት ኮድና የወረቀቱ ዓይነት ተጽፎ መገኘት አለበት። ከዛ ሂሳብ ይሠራል፣ ይሄን ያህል ኪሎ ገባ፣ ይሄን ያህል ወጣ፣ ይሄን ያህል ቁራጭ ተጣለ። ከገባው በላይ ምልክት ያለበት ዕቃ ሸጠህ ከተገኘህ አለቀልህ። ሰነዱን 5 ዓመት ታስቀምጣለህ፣ ሰርተፍኬቱም ለ5 ዓመት ሆኖ በየዓመቱ እየመጡ ያዩሃል።

ዓይነቱም ሦስት ነው። 100% የሚለው ሁሉም ከተመሰከረለት ደን የመጣ ነው። ሚክስ የሚለው ከተመሰከረለት፣ ከሪሳይክልና ቁጥጥር ከተደረገበት እንጨት የተቀላቀለ ነው። ሪሳይክልድ ደግሞ ስሙ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ ገበያ ላይ የምታየው ሚክስ ነው፣ ያንተም ካርቶን ሚክስ ይመስለኛል፣ ሂድና እየው።

ነፃ_አስተያየት

ይቅርታ አርጉልኝና ይሄ የፈረንጅ ዘዴ ነው። የራሳቸውን ጫካ ጨርሰው አሁን ለኛ አስተማሪ ሆኑ። ልጆች ደብተር በተወደደበት አገር ስለ ወረቀት የዘር ሐረግ እናወራለን? ሐምሌ 2016 ብሩ ከተለቀቀ በኋላ ወረቀት የት እንደደረሰ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። አንድ ተጨማሪ ወጪ፣ አንድ ተጨማሪ ማህተም፣ አንድ ተጨማሪ ኦዲተር በዶላር የሚከፈለው። ወንድሜ ባዶውን አትም፣ ካልፈለጉ ይተዉት።

ኦፍሴት_አዳማ

ነፃ አስተያየት፣ ልክ ነህ ልልህ ነበር ግን «ካልፈለጉ ይተዉት» ስትል ተዉት እኮ! አዲስ አበባ ሄዱ አልኩህ አይደል ሃሃ

@ሳጥን_ሰሪ እህቴ የጾሙ ምሳሌ ፍርጥርጥ አርጎ ነው ያስገባኝ። ቅቤ የነካው የቱ ጋ ነው ታዲያ፣ ጅምላው ጋ ወይስ አስመጪው ጋ?

ጥድና_ዝግባ · ማክሰኞ ማታ 4:40

ወንዶ ገነት ነው የተማርኩት፣ አሁንም ሥራዬ ደን ነው፣ ስለዚ ነፃ አስተያየት ላይ ትንሽ ልቆጣ ነው፣ በፍቅር ነው።

እዚ ጽሑፌ ላይ ያለው ዓመት ከአዋጁ በቀር የፈረንጁ ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ የሞቃት አገር ደን እንደጉድ ይጨፈጨፍ ስለነበር አውሮፓ ውስጥ ሰዉ የሞቃት አገር ጣውላ አንገዛም ብሎ ማደም ጀመረ። ሐሳቡ ጥሩ ይመስላል፣ ግን ጫካ ብር ካላመጣ ባለቤቱ መንጥሮ ያርሰዋል ወይ ከብት ያሰማራበታል። በ1992 ሪዮ ላይ መንግሥታት ተሰብስበው ስለ ደን አስገዳጅ ስምምነት አቃታቸው። በዓመቱ 1993 ቶሮንቶ ላይ የአካባቢ ተቆርቋሪውም የእንጨት ነጋዴውም የአገሬው ተወላጅ ተወካይም ተቀምጠው ኤፍኤስሲን መሠረቱ፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ አሁን ጀርመን ቦን ነው። ድምፁ እኩል ሦስት ቦታ የተከፈለ ነው፣ ለንግዱ፣ ለማህበረሰቡ፣ ለተፈጥሮው። በ1999 ደግሞ ፒኢኤፍሲ የሚባለው መጣ፣ እሱን ያቋቋሙት ትናንሽ መሬት ያላቸው የአውሮፓ ደን ባለቤቶች ናቸው፣ የኤፍኤስሲ አካሄድ ለኛ አይመችም ብለው። ካርቶን ላይ ሁለት ዛፍ ክብ ውስጥ ካያችሁ እሱ ነው።

«ዘዴ ነው» ላልከው፣ ዘዴ ቢሆን ትላልቅ ኩባንያ አይባረርም ነበር። በ2007 ኤፍኤስሲ ከኤዥያ ፐልፕ ኤንድ ፔፐር ጋር ግንኙነቱን አቋርጧል፣ ከዓለም ትልልቅ ወረቀት አምራቾች አንዱ ነው እኮ። የተፈጥሮ ደን ጨፍጭፎ በቦታው ተክል የተከለንም ለረጅም ጊዜ ከ1994 በኋላ ከሆነ አይቀበሉም ነበር። በኋላ መስመሩን ወደ 2020 መጨረሻ አመጡት፣ በመሃሉ ያጠፋ ግን ያጠፋውን መካስ አለበት። በዚ ላይ ራሱ ብዙ ሰው ተነጫንጯል፣ እኔም ጭምር።

አሁን ወደኛ። ሁሉም ሰው የሚሳሳተው ወረቀት ስንጠቀም ደናችን የሚያልቅ ይመስለዋል። የኛን ደን የጨረሰው እርሻና ማገዶ ነው፣ ደብተር አይደለም። የምንጽፍበት ወረቀት የሌላ አገር ዛፍ ነው። ባህር ዛፍ ከምኒልክ ጊዜ ጀምሮ አለን፣ ብራዚል በዚሁ ባህር ዛፍ ነው የዓለምን ፐልፕ የምታጥለቀልቀው፣ የኛ ግን በ5 በ6 ዓመቱ ተቆርጦ አጣና ሆኖ ሕንፃ ሥር ይቆማል። የባህር ዛፍ የእንጨት ክሩ (ፋይበሩ) አጭር ነው፣ ለማተሚያ ወረቀት ለስለስ ያለ ገጽ ይሰጣል። ጥድና ፓቱላ ደግሞ ረጅም ክር ነው፣ ካርቶንና የሲሚንቶ ከረጢት እንዳይቀደድ የሚያረገው እሱ ነው። ሁለቱም ከሻሸመኔ እስከ ሙኔሳ በቅለውልናል። የቆረጠውን የሚተካ፣ ምንጭ ዳር የማይተክል፣ ለቆራጩ ሠራተኛ ጓንትና ባርኔጣ የሚሰጥ ገበሬ ከሌላው አንድ ብር አይጨመርለትም፣ ለአጣና ነጋዴ ሁሉም እንጨት እኩል ነው። ወረቀት ላይ ያለው ጥያቄ እኮ ይሄ ነው፣ በአግባቡ የያዘው ሰው ምን ያገኛል? ጭሊሞና አዳባ ዶዶላ ላይ ነዋሪው ደኑን በማህበር ተረክቦ ሲጠብቅ አይተናል፣ አዋጅ 1065/2010ም የማህበረሰብ ደንና የግል ደን ብሎ አውቆታል። ጠባቂ አለን፣ ያጣነው ገዢ ነው።

ነፃ_አስተያየት

እሺ በአጣናው ተስማማሁ። ሌላው ላይ አልተስማማሁም ግን ጓንት የሚሰጥ ያልከው ላይ ዝም ልበል፣ አጎቴ እግሩን በዛፍ ቆረጣ ነው ያጣው።

የወንጂ_ልጅ · ረቡዕ ጠዋት 1:15

ስለ ወረቀት ተወርቶ ወንጂ ሳይነሳ እንዴት ያልፋል? አባቴ ወንጂ ወረቀት ፋብሪካ ነው ጡረታ የወጣው። ልጅ ሆነን ከሥራ ሲገባ ልብሱ ላይ የሚሸተው ሽታ ዛሬም አፍንጫዬ ላይ አለ፣ እንደ እርጥብ ካርቶን ያለ፣ እናቴ በረንዳ ላይ ሳታስወልቀው ቤት አታስገባውም ነበር። ከመቁረጫ የተረፈ ጠርዝ ሰብስቦ ያመጣልንና እናታችን በመርፌና ክር ትጠርዝልናለች፣ የኛ ደብተር ከክፍሉ ሁሉ ይለይ ነበር፣ ቀጭንና ረጅም፣ ልጆቹ «የሱቅ ዱቤ መዝገብ» ይሉን ነበር።

አባባ ሁሌ የሚለው አንድ ነገር አለ፣ «ከአጠገባችን አገዳ እየተጨመቀ እኛ ክሩን በመርከብ እናስመጣለን»። ከአገዳው የሚቀረው ባጋስ ወረቀት ይሆናል፣ ሕንድ በሰፊው ይሠሩበታል። ግን እንደሚወራው ቀላል አይደለም፣ ስኳር ፋብሪካው ያንኑ ባጋስ ለቦይለሩ ያነደዋል፣ ስለዚ ብትወስድበት ሌላ ማገዶ ልትሰጠው ነው። ደግሞ ውስጡ ያለው እንደ ስፖንጅ ያለ ልቡ ተለይቶ ካልወጣ ወረቀቱ ጥሩ አይሆንም። ትናንት ማታ ይሄን ክር ጮክ ብዬ አነበብኩለትና «ታዲያ የአገዳ ወረቀት ላይ የዛፍ ምልክት ምን ያደርጋል?» አለኝ። መልስ አጣሁ።

ሳጥን_ሰሪ

የወንጂ ልጅ፣ ጋሼን ሰላም በይልኝ፣ ጥያቄያቸው የባለሙያ ነው። አገዳ የደን ውጤት ስላልሆነ ከእንጨት ክሩ ጋር ቢቀላቀልም በኤፍኤስሲ ሂሳብ ውስጥ አይቆጠርም። ንጹህ የባጋስ ወረቀት ከሆነ ምልክቱ አያስፈልገውም፣ «ከአገዳ የተሠራ» ብለህ መሸጥ ነው፣ ለስብሰባ ፎልደር እንደውም ወሬ ይፈጥራል።

መርካቶ_ጫፍ · ረቡዕ ከሰዓት 9:30

እኔ ከዛኛው ወገን ነኝ፣ መርካቶ የወረቀት ጅምላ፣ አዳማም ሐዋሳም እልካለሁ። ቅቤው የት ነካ ላላችሁት፣ እኔ ጋም አስመጪው ጋም ነው፣ አልዋሽም። ሁለታችንም ሰርተፍኬት የለንም። ለምን? በ11 ዓመት ውስጥ «ምልክት አለው ወይ» ብሎ የጠየቀኝ ሰው በጣቴ እቆጥረዋለሁ። ሰው የሚጠይቀኝ ስንት ገባ፣ 80 ግራም ነው ወይ፣ ማሽን ይበላል ወይ፣ አለቀ። ፋብሪካው ካርቶን ላይ ያተመው ለኛ ብሎ አይደለም፣ ለሁሉም አገር አንድ ካርቶን ነው የሚያትመው። ማለት አዳማ ውስጥ ከተመሰከረለት ደን የመጣ ወረቀት ሞልቷል፣ ማንም ሳያውቀው ለሻይ ቤት ሂሳብ ይዋላል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ በሰርተፍኬት ስም አትታለሉ። ካርቶኑ ላይ ምልክት አለ ብሎ ዋጋ ጨምሮ የሚሸጥላችሁ ካለ ኮዱን በስልካችሁ ኤፍኤስሲ ድረ ገጽ ላይ ፈልጉት፣ የድርጅቱ ስምና ሰርተፍኬቱ በሥራ ላይ መሆን አለመሆኑ ወዲያው ይወጣል። በነፃ ነው። ግራሙንም መዝኑ። ብዙ ሰው ስለ ጫካ ከመጨነቁ በፊት የገዛው 80 ግራም በርግጥ 80 መሆኑን ቢያይ ደስ ይለኛል፣ በኔ ላይ ራሱ ቢሆን።

ኦፍሴት_አዳማ · ረቡዕ ማታ 1:50

መርካቶ ጫፍ የሰጠኸኝን የቤት ሥራ ሠራሁ። ሂሳቡ እንዲህ ነው፣ ኤ4 አንድ ቅጠል በካሬ ሜትር 80 ግራም ከሆነ 5 ግራም ገደማ ይመዝናል፣ ስለዚ 500 ቅጠሉ ደስጣ 2 ኪሎ ተኩል ሊሆን ነው። 75 ከሆነ 2.34፣ 70 ከሆነ 2.18። ጎረቤቴ ሥጋ ቤት ሚዛን ላይ 4 ዓይነት ደስጣ ይዤ ሄድኩ፣ ሥጋ ሻጩ «ዛሬ ደግሞ ወረቀት ልትበላ ነው?» አለኝ። ሦስቱ 2.5 ከፍ ዝቅ፣ አንዱ 2.35። ሽፋኑ ላይ 80 ይላል። የማን እንደሆነ አልናገርም ግን ከዚ በኋላ ሚዛን እገዛለሁ። እዛው ሱቅ ደጃፍ ላይ ሳስበው ምን አልኩ መሰላችሁ፣ ግራሙን እንኳን ሳንመዝን የኖርን ሰዎች ጫካውን ማን ይመዝንልን ኖሯል?

ካርቶኑም ሚክስ ነው፣ ሳጥን ሰሪ እንዳለችው።

ቲቸር_ሐ

እዚሁ አዳማ ከፍራንኮ ወዲያ ያለ ትምህርት ቤት ነው የማስተምረው። በየሴሚስተሩ የታረመ የፈተና ወረቀት በማዳበሪያ እየሞላን ለቆራሌ እንሸጣለን፣ ከዛ በሳምንቱ የራሴን ተማሪ ፈተና ቆሎ ተጠቅልሎበት አገኘዋለሁ (4 ከ10፣ ቀይ እስክርቢቶዬ ሳይቀር)። ይሄ ሁሉ ወረቀት ተመልሶ ወረቀት ቢሆን ኤፍኤስሲ ይቆጥረዋል ወይ? ቆራሌው ሰርተፍኬት ሊኖረው ነው እንዴ?

ሳጥን_ሰሪ · ረቡዕ ማታ 3:25

ቲቸር ቆንጆ ቦታ ገባህ፣ እኔ ራሴ ሥራ ላይ እያለሁ ነው የደረስኩበት። ቆራሌው ሰርተፍኬት አያስፈልገውም! ለአሮጌ ወረቀት ሰንሰለቱ የሚጀምረው ከሚፈጨው ፋብሪካ ነው፣ ፋብሪካው ነው ሰርተፍኬት የሚይዘው፣ አቅራቢዎቹን ደግሞ የሚያመጡት በርግጥ ያገለገለ ወረቀት መሆኑን እየዞረ የሚያጣራበት ሥርዓት ይኖረዋል። ያንተ የታረመ ፈተና ሰው ተጠቅሞበት የተጣለ ይባላል፣ የኦፍሴት የመቁረጫ ጠርዝ ደግሞ ተጠቃሚ እጅ ያልደረሰ ተብሎ ለብቻ ይመዘገባል። ክር ግን ዕድሜ አለው፣ ከ5 እስከ 7 ጊዜ ተፈጭቶ እያጠረ እያጠረ ይሄድና ያልቃል፣ ስለዚ አዲስ ክር ከጫካ መምጣቱ አይቀርም። ሪሳይክል ስላለ ደኑን እንርሳው ማለት አይደለም።

አሁን ኦፍሴት የጠየቅከው። ለትንሽ ቤት የተሠራ መንገድ አለ፣ የቡድን ሰርተፍኬት ይባላል። ሠራተኛው ከ15 ያልበለጠ ቤት፣ ወይ ደግሞ እስከ 25 ሠራተኛ ኖሮት የዓመት ሽያጩ ከ1 ሚሊዮን ዶላር ያልበለጠ፣ ከሌሎች ጋር ተደራጅቶ በአንድ ሰርተፍኬት መግባት ይችላል። አንድ አስተባባሪ ቢሮ ይኖራል፣ እሱ ሁላችሁንም ያሠለጥናል ይቆጣጠራል፣ ኦዲተሩ ደግሞ ሁላችሁንም በየዓመቱ አያይም፣ ናሙና ነው የሚያየው። የኦዲተሩ አውሮፕላንና ሆቴል ለ10 ሲካፈል ሌላ ነገር ነው። ግን ልብ በል፣ አንዱ አባል አጭበርብሮ ቢያትም ጦሱ ለሁሉም ነው፣ እንደ ዕቁብ አስቡት፣ ሰው መርጣችሁ ግቡ።

አስመጪው ጋ ያለውን ብጥስ ለማለፍም መውጫ አለ። ዕቃውን በስሙ ያልገዛ፣ አገናኝቶ ኮሚሽን ብቻ የሚበላ ወኪል ሰርተፍኬት አይጠየቅም። ስለዚ ቡድኑ ራሱ ሰርተፍኬት ካለው የውጭ አቅራቢ በስሙ ቢገዛና መርካቶ ጫፍ ወኪል ቢሆን ሰንሰለቱ አይበጠስም። ኤልሲውና (የባንክ የክፍያ ዋስትናውና) የውጭ ምንዛሬው የናንተ ራስ ምታት ነው፣ እሱን እኔ አልፈታውም።

መርካቶ_ጫፍ

ኮሚሽን ብቻ? አስባለሁ ሃሃ። ከምር ግን አንድ ኮንቴይነር የሚሞላ ትዕዛዝ ካላችሁ አስመጪዬ ራሱ ሰርተፍኬት ለማውጣት ያስባል፣ ለግማሽ ኮንቴይነር ግን ማንም አይነቃነቅም።

ግዥ_ክፍል · ሐሙስ ጠዋት 4:10

ዝም ብዬ ሳነብ ነበር፣ ጥፋቱ በከፊል የኛም ስለሆነ ልጻፍ። ጨረታ ሰነድ የማዘጋጅ ሰው ነኝ። ከውጭ የመጣ ፎርማት ላይ «የተመሰከረለት ወረቀት ግዴታ» የሚል ተጽፎ ይመጣል፣ እኛም ሳናይ ኮፒ እናረጋለን። ውጤቱ ምን ይሆናል፣ ወይ አንድ ተጫራች ብቻ ያሟላል ጨረታው ይሰረዛል፣ ወይ ደግሞ ሁሉም አሟልቻለሁ ብሎ ይፈርማል ማንም አያጣራም። ሁለተኛው ነው የሚበዛው። የኦፍሴት ደንበኛ ኮዱን መጠየቋ ራሱ ብርቅ ነው፣ አድንቄያታለሁ።

አንድ ጊዜ ሞክረን የተሳካልን ግዴታውን አውጥተን ነጥብ አረግነው። ዋጋው 80 ነጥብ፣ ሌላው ጥራትና ጊዜ፣ 8 ነጥብ ደግሞ ከሚከተሉት አንዱን ላቀረበ፣ የሰንሰለት ሰርተፍኬት ያለው አታሚ፣ ወይ አታሚው ባይኖረውም ወረቀቱ ታሽጎ ከነምልክቱ መምጣቱን በፎቶና በደረሰኝ ያሳየ፣ ወይ ያገለገለ ወረቀት የተጠቀመ። ምልክት እንዲታተም አልጠየቅንም። ያን ጊዜ ነው ሦስት ትናንሽ ቤቶች ሮጠው ካርቶን ፎቶ ማንሳት የጀመሩት። ሰንሰለቱ ሙሉ አይደለም፣ ሳጥን ሰሪ ትቆጣኝ ይሆናል፣ ግን ቢያንስ ጅምላው «ሰው ጠየቀኝ» ማለት ይጀምራል።

ደግሞ አትርሱ፣ አውሮፓ በፈረንጁ 2023 ያወጡት የደን መመንጠር ሕግ ቡናንም እንጨትንም አንድ ላይ ነው የያዘው። ተግባራዊ የሚሆንበት ቀን እየተገፋ ነው ግን ቡና ላኪዎቻችን ከወዲሁ የማሳ ካርታ እያስነሱ ነው። ቡናው ከየት መጣ ተብሎ ሲጠየቅ የለመደ ላኪ ነገ የሚያዘው ብሮሸርና ሌብል ወረቀት ከየት መጣ ቢል አይገርመኝም።

ሳጥን_ሰሪ

አልቆጣም። ምልክት ሳይታተም «ወረቀቱ የመጣው ከዚ ነው» ብሎ ለግዥ ክፍል ደረሰኝ ማሳየትና ዕቃው ላይ ምልክት ማተም ሁለት የተለያየ ነገር ነው። ደንበኛ በጽሑፍ «ኤፍኤስሲ ነው» እንድትሉ ከጠየቀ ግን አትበሉ፣ ቃሉን መጠቀምም በፍቃድ ነው።

ባጃጅ_ቁጥር_3

እኔ በቀልድ ነው የገባሁት አሁን የልጄን ደብተር ጀርባ እያየሁ ነው። ዛፏ አለች። ሚስቴ ምን ሆነሃል አለችኝ

ጥድና_ዝግባ

ባጃጅ ገባህ በቃ፣ ሌላ ሰው እንዳትነካካ ሃሃ

ኦፍሴት_አዳማ · አርብ ማታ 2:00

እሺ ቤቶች፣ የደረስኩበትን ልንገራችሁ። መርካቶ ጫፍ አስመጪውን አስፈቅዶ የፋብሪካውን ኢንቮይስ በቴሌግራም ላከልኝ። እመኑኝ፣ ከወረቀቱ ስም ጎን «ኤፍኤስሲ ሚክስ» ብሎ የፋብሪካው ሰርተፍኬት ኮድ ተጽፎ ተቀምጧል፣ አስመጪው ምን እንደሆነ ሳያውቅ ዓመታት ፋይል ሲያረገው ነው የኖረው። ኮዱን ስልኬ ላይ ፈለግኩት፣ ፋብሪካው ወጣ፣ በሥራ ላይ ነው። እስከ ጅቡቲ ድረስ ንጹህ ነው ማለት ነው፣ ከዛ በኋላ እኛ ነን።

ዛሬ መብራት ኃይልና ፍራንኮ ያሉ ማተሚያ ቤቶችን ዞሬ አናገርኩ። 9 ቤት አናግሬ 5ቱ እንስማው አሉ፣ 2ቱ «ደሞ አዲስ ግብር ነው» ብለው አባረሩኝ፣ አንዱ ከጎግል ያወረዳትን ዛፍ ካላንደር ላይ አትሞ አሳየኝና ላቡ መጣ። አንዱ ደግሞ ሽማግሌ ናቸው፣ «ልጄ እኔ ሰርተፍኬት ሳይሆን ቀለም ነው ያጣሁት» አሉኝ፣ እሳቸውን ምን እላለሁ።

የ5ታችንን የወረቀት ፍጆታ ደምረን አየነው፣ በዓመት ኮንቴይነር አይሞላም፣ ግማሽ አለፍ ይላል። ስለዚ ሐዋሳና ቢሾፍቱ ያላችሁ ከ15 ሠራተኛ በታች የሆናችሁ ቤቶች እዚ ክር ላይ ጻፉልኝ፣ በወር ስንት ደስጣና ስንት ሉህ አርት ፔፐር እንደምትጠቀሙ ብቻ። ሳጥን ሰሪ እሑድ አዳማ ልትመጣ ተስማምታለች፣ መጋዘን እንዴት እንደሚለይ በዓይናችን ታሳየናለች፣ 4 ሰዓት እኔ ጋ፣ ቡናው በኔ ነው።

ዲዛይነራችን ደግሞ ያወረደቻትን ዛፍ ከኮምፒውተሩ አጥፊያት ስላት እሺ አላለችም። ፎልደር ከፍታ ውስጧ ከታታለች፣ የፎልደሩ ስም «አይነካም፣ ኮድ እስኪመጣ»።

የወንጂ_ልጅ

አባቴ እሑድ ልምጣ እያለ ነው። ሚዛን አለኝ ይላል፣ የድሮ የፋብሪካ፣ ወረቀት በግራም የሚመዝን። ይዘነው እንመጣለን።